ያገለገለ ጊታር በበይነ መረብ ገዝቶ ሞያሌ ድረስ ማስመጣት፡ አደጋው የሚጀምረው የት ነው?

በኬንያዋ ሞያሌ የሚኖር አንድ ወጣት ጊታር ለመግዛት ለወራት ገንዘብ አጠራቅሟል እንበል። አንድ ቀን በስልኩ ላይ ናይሮቢ የሚገኝ ሻጭ የለጠፈውን ማስታወቂያ ያያል። ጊታሩ ያገለገለ ቢሆንም በፎቶው ላይ ያብረቀርቃል። ዋጋው የአዲሱን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሻጩ ሌላ ገዢ እየመጣ መሆኑን ነግሮ ቀብዱ አሁኑኑ እንዲላክለት ያጣድፋል። ወጣቱ ጊታሩን በእጁ አልያዘውም፤ ድምፁን አልሰማም፤ ሻጩንም በአካል አያውቀውም።

ይህ ወጣት በምናብ የቀረበ ነው። ያለበት አጣብቂኝ ግን ከትልልቅ ከተሞች ርቆ የሚኖር ማንኛውም የሙዚቃ ወዳጅ የሚያውቀው ነው። ያገለገለ መሣሪያ አቅምን ያገናዘበ አማራጭ ነው። ጥሩ እንጨት በአግባቡ ከተያዘ ለአሥርት ዓመታት ስለሚያገለግል፣ አንዳንዴ ከአዲስ ርካሽ ጊታር የተሻለ ድምፅ ያለው አሮጌ ጊታር ይገኛል።

አደጋው የሚያደፍጠው በሦስት ቦታ ነው፤ ሻጩ ዘንድ፣ መንገድ ላይ እና ድንበር ላይ። ሦስቱን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። መከላከያቸው በአብዛኛው የሚገኘው ገንዘቡ ከመላኩ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ጥረት ብዙ ጊዜ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" የሚባለው ዓይነት ይሆናል።

በሁለት ዋና ከተሞች መካከል

ሞያሌ ድንበር ለሁለት የከፈላት ከተማ ናት። የኬንያው ክፍል በማርሳቢት አውራጃ ሥር ሲሆን፣ ሌላው ክፍል ኢትዮጵያ ውስጥ ይገኛል። ከናይሮቢም ሆነ ከአዲስ አበባ ያላት ርቀት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ "ሄጄ ሞክሬው ልግዛ" ማለት ለሞያሌ ነዋሪ የአንድ ሌሊት የአውቶቡስ ጉዞ፣ የማደሪያ ወጪ እና የሥራ ቀናት ማጣት ማለት ነው።

ከኢሲዮሎ ተነስቶ በማርሳቢት በኩል ሞያሌ የሚደርሰው መንገድ አስፋልት ከለበሰ ወዲህ ጉዞው ከቀድሞው በእጅጉ ቀልሏል። እ.አ.አ በ2020 መጨረሻ ላይ ደግሞ የኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ እና የያኔው የኬንያ ፕሬዝዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የሞያሌን የጋራ የድንበር ኬላ መርቀው ከፍተዋል። የኬላው ዓላማ የሁለቱ አገራት ሠራተኞች በአንድ ስፍራ ሆነው መንገደኛንና ዕቃን እንዲያስተናግዱ ማድረግ ነው።

መንገዱም ሆነ ኬላው ግን በሣጥን ውስጥ ያለው ጊታር ምን ዓይነት እንደሆነ አይነግሩም። ያ ጥያቄ የሚመለሰው ከሻጩ ጋር በሚደረገው የመጀመሪያ ንግግር ነው።

ፎቶው የማን ነው?

በመስመር ላይ ግብይት የሚታወቀው ቀላሉ ማጭበርበር የሌለ ዕቃ መሸጥ ነው። አጭበርባሪው ከሌላ አገር ማስታወቂያ የወሰደውን ፎቶ ይለጥፋል፤ ዋጋውን ዝቅ ያደርጋል፤ ገዢውን ያጣድፋል፤ ቀብዱን ከተቀበለ በኋላም ይሰወራል። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" እንዲሉ፣ ችኮላው ራሱ የማጭበርበሪያው አንድ አካል ነው።

ይህን ለመፈተን ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ሻጩ የዕለቱን ቀንና የገዢውን ስም በወረቀት ጽፎ ከጊታሩ ጎን በማስቀመጥ አዲስ ፎቶ እንዲያነሳ መጠየቅ ይቻላል። ከዚህ የሚሻለው በቪዲዮ ጥሪ ጊታሩን ከራሱ እስከ ግርጌው እንዲያሳይና እያንዳንዱን ክር እንዲመታ ማድረግ ነው። ጊታሩ በእርግጥ በእጁ ያለ ሻጭ ይህን ለማድረግ የሚፈጅበት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ማጭበርበር ረቀቅ ያለ ነው። ጊታሩ አለ፤ ነገር ግን በላዩ ላይ የተጻፈው ስም የእሱ አይደለም። የአሜሪካ ጉምሩክ እ.አ.አ በ2024 በሎስ አንጀለስና ሎንግ ቢች የባሕር ወደብ ከእስያ የመጡ፣ ጊብሰን የተባለውን የታወቀ አምራች አስመስለው የተሠሩ ከ3,000 በላይ ጊታሮችን መያዙን አስታውቆ ነበር። ትክክለኛ ቢሆኑ ኖሮ ዋጋቸው ከ18 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይሆን እንደነበርም ተገልጿል። ያለፍተሻ ያመለጠ ሐሰተኛ ጊታር ከጥቂት ዓመታት በኋላ "ያገለገለ" ተብሎ እንደገና ለገበያ ይቀርባል። የሚገዛው ሰው ደግሞ ሐሰተኛ ለመሆኑ ፍንጭ ላይኖረው ይችላል።

ስለዚህ የመለያ ቁጥሩ በግልጽ የሚነበብበት ፎቶ መጠየቅ፣ ቁጥሩንም አምራቹ ይፋ ካደረገው የቁጥር አሰጣጥ ጋር ማመሳከር ይገባል። የመለያ ቁጥር ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ሐሰተኛ አምራቾች ቁጥርም ይቀዳሉና። የአርማው አጻጻፍ፣ የራሱ ቅርጽ እና የመቃኛ ቁልፎቹ አቀማመጥ አብረው መታየት አለባቸው። ሻጩ ጊታሩን ከየት እንዳገኘው መጠየቅም ተገቢ ነው። የተሰረቀ መሣሪያ የገዛ ሰው ባለቤቱ ሲመጣ ጊታሩንም ገንዘቡንም ሊያጣ ይችላልና።

በፎቶ የማይታየው ስብራት

ክራር የሚጫወት ሰው የአየሩ ጠባይ ሲለወጥ የመሣሪያው ቆዳ እንደሚላላና እንደሚከር፣ ቅኝቱም አብሮ እንደሚዛባ ያውቃል። ጊታርም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። ልዩነቱ በጊታር ላይ ጫናውን የሚሸከመው እንጨቱ መሆኑ ነው።

የብረት ክር ያለው አኩስቲክ ጊታር በተለመደው ቅኝት ሲቃኝ፣ ስድስቱ ክሮች በአንድነት የሚስቡት ኃይል ወደ 70 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ይህ ማለት ያ ስስ እንጨት አንድ ጎልማሳ ሰው የሚያህል ሸክም ቀንና ሌሊት ይሸከማል ማለት ነው። ከጊዜ ብዛት አንገቱ ወደ ፊት ሊጎብጥ፣ ክሮቹ የታሰሩበት ድልድይ ከፊቱ ሊላቀቅ፣ የፊቱ እንጨትም ሊያብጥ ይችላል።

ከፊት ለፊት የተነሳ ፎቶ እነዚህን ጉዳቶች አያሳይም። ገዢው ሦስት ፎቶዎችን ለይቶ መጠየቅ አለበት። የመጀመሪያው ከጎን የተነሳና በክሮቹና በአንገቱ መካከል ያለውን ርቀት የሚያሳይ ነው። ክሮቹ ወደ ድምፅ ሣጥኑ በቀረቡ ቁጥር ከአንገቱ በጣም የሚርቁ ከሆነ፣ ጊታሩ ለመጫወት ያስቸግራል። ጥገናውም ከጊታሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ሁለተኛው የድልድዩን የኋላ ጠርዝ የሚያሳይ ነው፤ በጠርዙ ሥር ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ድልድዩ መላቀቅ ጀምሯል። ሦስተኛው አንገቱና ራሱ የሚገናኙበትን ቦታ ከጀርባ የሚያሳይ ነው። ብዙ ጊታሮች የሚሰበሩት እዚህ ላይ ሲሆን፣ ተጣብቆ በቀለም የተሸፈነ አሮጌ ስብራት የሚገኘውም እዚሁ ነው።

ተሰብሮ በአግባቡ የተጠገነ ጊታር ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል። ሆኖም ዋጋው ካልተሰበረው እኩል ሊሆን አይገባም። ሻጩ ስለ ጥገናው አስቀድሞ በጽሑፍ ከተጠየቀና "አልተጠገነም" ብሎ በጽሑፍ ከመለሰ፣ ያ መልስ ኋላ ላይ ክርክር ቢነሳ ማስረጃ ይሆናል።

ገንዘቡ በየት በኩል ይሂድ?

ኤም-ፔሳ እ.አ.አ በ2007 ኬንያ ውስጥ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከናይሮቢ እስከ ሞያሌ ገንዘብ መላክ የሰከንዶች ጉዳይ ሆኗል። እ.አ.አ ከ2023 ጀምሮም በኢትዮጵያ አገልግሎት እየሰጠ ነው። ይህ ፍጥነት ለገዢውም ለአጭበርባሪውም እኩል ያገለግላል።

በኬንያ ገንዘብ በስህተት ወደ ሌላ ሰው ቁጥር ከተላከ፣ የግብይቱን መልዕክት ወደ 456 በማስተላለፍ እንዲመለስ መጠየቅ ይቻላል። ይህ አሠራር የተዘጋጀው ግን ቁጥር ለተሳሳተ ሰው ነው። ገንዘቡ ላኪው ወደፈለገው ቁጥር ደርሶ ተቀባዩ ወዲያው ካወጣው፣ ጉዳዩ የፖሊስ ይሆናል። ስለዚህ ለማይታወቅ ሻጭ ሙሉ ክፍያ አስቀድሞ መላክ ትልቁ አደጋ ነው።

ሻጩ ናይሮቢ ከሆነ አስተማማኙ መንገድ እዚያ የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ጊታሩን አይቶ፣ ሞክሮ፣ በእጁ ተረክቦ እንዲከፍል ማድረግ ነው። መጫወት የሚችል ሰው ቢሆን ይመረጣል። ከባሕር ማዶ ሲገዛ ደግሞ እንደ ኢቤይ እና ሪቨርብ ያሉ የግብይት መድረኮች ለገዢ የሚሰጡት ጥበቃ አለ፤ ጥበቃው የሚሠራው ግን ክፍያው በመድረኩ በኩል ሲፈጸም ብቻ ነው። "ከመድረኩ ውጪ ከከፈልከኝ ቅናሽ አደርግልሃለሁ" የሚል ሻጭ ገዢውን ጥበቃውን እንዲጥል እየጠየቀው ነው። በፔይፓልም ቢሆን "ለወዳጅና ለቤተሰብ" በሚለው መንገድ የተላከ ገንዘብ የገዢ ጥበቃ የለውም። ጥበቃ የሚያገኘው ለዕቃና ለአገልግሎት ተብሎ የተከፈለው ነው።

በኢትዮጵያ በኩል ያሉ ገዢዎች ሌላም ጉዳይ ይገጥማቸዋል። የውጭ ምንዛሪ ክፍያ ስለሚያስቸግር፣ ብዙ ጊዜ ግዢውን የሚፈጽምላቸው ውጭ አገር ያለ ዘመድ ነው። በዚህ ጊዜ ገዢ ተብሎ የሚመዘገበው ዘመዱ ነው። ጊታሩ ተሰብሮ ቢደርስ ቅሬታ ማቅረብ የሚችለውም እርሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ዕቃው ደርሶ እስኪፈተሽ ድረስ ዘመድየው ጉዳዩን እንዲከታተል አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

እንጨት በመንገድ ላይ

ከሞምባሳ ተነስቶ ሞያሌ የሚደርስ ጊታር ከእርጥብ የባሕር ዳርቻ አየር ወጥቶ፣ በናይሮቢ ደጋ አልፎ፣ የሰሜን ኬንያን ደረቅና ሞቃት ሜዳ ያቋርጣል። የጊታር አምራቾች በአብዛኛው የሚመክሩት የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ያለውን ነው። አየሩ ሲደርቅ እንጨቱ ይኮማተራል፤ መኮማተሩ ፈጣን ከሆነ የፊቱ እንጨት ይሰነጠቃል። ፀሐይ ላይ በቆመ ዝግ ተሽከርካሪ ውስጥ ያለው ሙቀት ደግሞ ወደ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊጠጋ ስለሚችል፣ ድልድዩንና አንገቱን የያዘው ሙጫ ሊላላ ይችላል። ከአውቶቡስ ጋር የሚላክ ጊታር በሌሊት ጉዞ ቢመጣና እንደደረሰ ከዕቃ ማከማቻው ቢነሳ የተሻለ ነው።

ከሙቀቱ የባሰው መውደቅ ነው። ሣጥኑ በጀርባው ሲወድቅ የድምፅ ሣጥኑ ይቆማል፤ የመቃኛ ቁልፎቹን የተሸከመው ራስ ግን በፍጥነቱ ወደ ኋላ መሄዱን ይቀጥላል። የክሮቹ ውጥረት ሲጨመርበት አንገቱ ከራሱ ሥር ይሰበራል። ለዚህም ነው ጊታሩ በጠንካራ መያዣ ውስጥ ሆኖ እንኳ የሚሰበረው።

መከላከያው ቀላል ነው፤ የሚሠራው ግን ሻጩ ነው። ክሮቹ ጥቂት ይላሉ። ከአንገቱና ከራሱ ሥር ያለው ባዶ ቦታ በጨርቅ ወይም በስፖንጅ ይሞላል። ጊታሩ በመያዣው ውስጥ፣ መያዣውም በካርቶኑ ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ ተደርጎ ይታሸጋል። ካርቶኑን በእርጋታ ሲነቀንቁት ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ካለ እሽጉ አልተጠናቀቀም። ገዢው ካርቶኑ ከመዘጋቱ በፊት የእሽጉ ፎቶ እንዲላክለት ቢጠይቅ ሁለት ጥቅም አለው፤ ሻጩ ይጠነቀቃል፣ ለካሣ ጥያቄም ማስረጃ ይኖራል።

የማጓጓዣ ዋጋም ገዢን ያስደነግጣል። ዓለም አቀፍ የፈጣን መልዕክት ድርጅቶች ከክብደት በተጨማሪ ሣጥኑ የሚይዘውን ቦታ ያሰላሉ። የተለመደው ስሌት ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ5,000 ሲካፈል ነው። 110 በ45 በ18 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጊታር ካርቶን በዚህ ስሌት ወደ 18 ኪሎ ግራም ይቆጠራል፤ በሚዛን ላይ ግን 6 ኪሎ ብቻ ሊሆን ይችላል። የሚከፈለው በትልቁ ቁጥር ነው።

ካሣ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዓለም አቀፍ የአየር ጭነትን የሚገዛው የሞንትሪያል ስምምነት፣ ልዩ የዋጋ መግለጫ ካልቀረበ በቀር፣ እ.አ.አ ከ2024 መጨረሻ ወዲህ የአጓጓዡን ኃላፊነት በኪሎ ግራም 26 የአይኤምኤፍ ልዩ የገንዘብ መለኪያ ላይ ገድቦታል። ለ6 ኪሎ ጭነት ይህ ወደ 200 ዶላር ገደማ ነው። የ800 ዶላር ጊታር ያለ ተጨማሪ መድን የላከ ሰው ቀሪውን ራሱ ተሸክሟል ማለት ነው።

ቀረጥ ለመቀነስ ሲባል የዕቃውን ዋጋ አሳንሶ ማጻፍም ራስን መጉዳት ነው። ጉምሩክ ዋጋውን ካላመነ እንደገና ሊተምነው ይችላል። ጊታሩ ቢሰበር ደግሞ መድን ሰጪው የሚከፍለው ከተጻፈው ዋጋ አይበልጥም።

ድንበር ሲደርስ

በማስታወቂያው ላይ የሚታየው ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ አይደለም። ከውጭ ወደ ኬንያ የሚገባ ዕቃ የጉምሩክ ቀረጥ፣ የገቢ ዕቃ ማስታወቂያ ክፍያ እና የባቡር ልማት ክፍያ ይጠየቅበታል። 16 በመቶ የሆነው የተጨማሪ እሴት ታክስ ደግሞ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ቀረጡ ከተጨመረ በኋላ ነው። ዕቃው በባሕር ከመጣ የማጓጓዣና የመድን ወጪውም በዋጋው ውስጥ ይገባል። ያገለገለ መሆኑ በራሱ ነፃ አያደርገውም።

ጊታሩ ናይሮቢ ተገዝቶ በኬንያዋ ሞያሌ የሚቀር ከሆነ የድንበር ቀረጥ አይኖርም። ጥቂት መቶ ሜትሮች ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ግን እንደገና የውጭ ዕቃ ይሆናል። በዚያ በኩል ቀረጥ፣ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ እና እንደ ዕቃው ምድብ ሌሎች ክፍያዎች ይኖራሉ። ከግዢው በፊት የጉምሩክ ሠራተኛን ወይም ፈቃድ ያለው የጉምሩክ አስተላላፊን መጠየቅ ይህን ወጪ አስቀድሞ ያሳውቃል። የራስን ጊታር ይዞ የሚሻገር ተጫዋችም ደረሰኙን ቢይዝ መልካም ነው።

ብዙዎች የማያስቡት ሌላው ጉዳይ የእንጨቱ ዓይነት ነው። ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ንግድ የሚቆጣጠረው ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ኬንያንም ኢትዮጵያንም በአባልነት ይዟል። የብራዚል ሮዝውድ የተባለው እንጨት እ.አ.አ ከ1992 ጀምሮ እጅግ ጥብቅ በሆነው የስምምነቱ ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ማርቲንን የመሰሉ ታዋቂ አምራቾች እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ በስፋት ይጠቀሙበት ስለነበር፣ በዚህ እንጨት የተሠራ አሮጌ ጊታር ያለ ፈቃድ ወረቀት ድንበር ሊሻገር አይችልም። በአሮጌ ጊታሮች ላይ አንዳንዴ የሚገኝ የዝሆን ጥርስም እንዲሁ ነው። ሌሎች የሮዝውድ ዓይነቶች እ.አ.አ በ2017 ቁጥጥር ቢጣልባቸውም፣ ከ2019 መጨረሻ ወዲህ ተሠርተው ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ከቁጥጥሩ ነፃ ሆነዋል። ስለዚህ ለብዙዎቹ ዘመናዊ ጊታሮች ይህ ሥጋት አይሆንም።

ሣጥኑ ሲከፈት

ካናዳዊው ሙዚቀኛ ዴቭ ካሮል እ.አ.አ በ2008 በዩናይትድ አየር መንገድ ሲጓዝ ቴይለር ጊታሩ ተሰበረበት። የጊታሩ ዋጋ 3,500 ዶላር ነበር፤ ለጥገናው 1,200 ዶላር አወጣ። አየር መንገዱ ቅሬታው በተወሰነው ጊዜ አልቀረበም በሚል ካሣ አልከፍልም አለው። ሙዚቀኛው በቀጣዩ ዓመት ስለ ጉዳዩ ዘፈን ሠርቶ በዩቲዩብ አወጣ። ዘፈኑም በሚሊዮኖች ታየ።

የሞያሌው ወጣት ከዚህ የሚወስደው ትምህርት ስለ ጊዜ ገደቡ ነው። በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት የተጎዳ ሻንጣን በተመለከተ የጽሑፍ ቅሬታ የሚቀርበው በ7 ቀናት፣ የተጎዳ ጭነትን በተመለከተ ደግሞ በ14 ቀናት ውስጥ ነው። የአገር ውስጥ የአውቶቡስ ድርጅቶችና የፈጣን መልዕክት አገልግሎቶች የየራሳቸው ገደብ አላቸው፤ ከዚህም ሊያጥር ይችላል። በደረሰኙ ጀርባ በትንንሽ ፊደላት የተጻፈውን ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ጥቅሉን ከመረከብ በፊት ካርቶኑ የተበሳ ወይም የተጨፈለቀ መሆኑን ማየት፣ ጉዳት ካለም በርክክቡ ወረቀት ላይ ማስፈር ይገባል። ሲከፈት ከማሸጊያው ጀምሮ በቪዲዮ መቅረጽ፣ ካርቶኑንም ጉዳዩ እስኪያልቅ አለመጣል ያስፈልጋል። ጊታሩ ከሩቅ አገር ከመጣ መያዣውን ወዲያው ከመክፈት ይልቅ በቤት ውስጥ ለአንድ ቀን ያህል አቆይቶ ከአየሩ ጋር እንዲላመድ ማድረግ ለእንጨቱ ይጠቅማል። ካርቶኑንና የመያዣውን ውጫዊ ክፍል ግን ወዲያውኑ መፈተሽ ይቻላል።

በመጀመሪያ ያነሳነው ወጣት እንግዲህ ምን ያድርግ? ቀብዱን ከመላኩ በፊት ቀን የተጻፈበት ፎቶ ይጠይቅ፤ የአንገቱን ጀርባ ይመልከት፤ ናይሮቢ ያለ ዘመዱን ይላክ፤ የእሽጉን ሁኔታና የሚከፈለውን ሁሉ ይወቅ። ሻጩ ይህን ሁሉ አልታገሥም ካለና ጊታሩ ለሌላ ከተሸጠ፣ ወጣቱ ያጣው አንድ ማስታወቂያ ነው። ለወራት ያጠራቀመው ገንዘብ ግን አሁንም በእጁ አለ።